ሴት እንዳታስተምር ማን ከለከለ? ወለተ ጴጥሮስና የባል ራስነት ክርክር በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ

በሰበካ ጉባኤም ሆነ በሽምግልና ላይ የሴት ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ገና ሳይጀመር የሚዘጋበት አንድ ቁልፍ አለ። ይኸውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው መልእክት ሴትን ከማስተማርና በወንድ ላይ ከመሠልጠን የከለከለበት ቃል ነው። ተከትሎም ለኤፌሶን ሰዎች ከጻፈው ውስጥ ባልን የሚስት ራስ ያደረገው ክፍል ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራል። በሌላው ወገን ደግሞ ተራማጅ ነኝ ባዩ ምሁር አለ። እርሱም «ሃይማኖት የባላባቱ ሥርዓት መሣሪያ ነው» ብሎ ጥያቄውን ባንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ ይነሣል። እነዚህ ሁለት ወገኖች በሌላው ነገር ሁሉ ዓይንና ናጫ ይሁኑ እንጂ በአንድ ነገር ላይ ግን ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሴት ከጥንት እስከ ዛሬ አንድ ቃል ብቻ ተናግራለች በሚለው።

ይህ ስምምነት በታሪክ ፊት አይቆምም። ሴት ወንዶችን ልትመራና ልታስተምር ትችላለች ወይ የሚለው ክርክር ከውጭ የመጣ፣ በፈረንጅ ትምህርት ቤት የተማርነው ጉዳይ አይደለም። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በጣና ዙሪያ፣ በግዕዝ፣ በመነኮሳት መካከል፣ ያንኑ የጳውሎስን ቃል እየጠቀሱ ተከራክረውበታል። በአንጻሩ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን «የአባቶቻችን ሥርዓት» እያሉ የሚከላከሉለት የባል ራስነት በአገራችን ሕግ ውስጥ በያዘው መልክ የገባው ከጣና ሳይሆን ከፓሪስ ነው። ሁለቱን ነገሮች በየተራ እናያለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የዘመኑን ሁኔታ በአጭሩ እናስታውስ። የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። ዐፄ ሱስንዮስ በመኳንንቱ ሽኩቻ መካከል ዙፋኑን የሚያጸናበት ኃይል ይፈልግ ስለነበረ ወደ ሮማ ሃይማኖት እያዘነበለ ሄደ፤ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጠ፤ በ1626 ደግሞ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ጳጳስ መገዛቱን በመሐላ አረጋገጠ። ሜንዴዝ ያመጣው የሃይማኖት አንቀጽ ብቻ አልነበረም። ሰንበተ አይሁድን መጠበቅ ተከለከለ፤ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ይካኑ ተባለ። ገበሬው ዐመፀ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ይህ በየታሪክ መጽሐፉ አለ። በየመጽሐፉ የማይገኘው፣ ቢገኝም በግርጌ የሚቀረው፣ በዚህ ትግል ውስጥ ሴቶች የነበራቸው ቦታ ነው።

ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ወደ አገራቸው በላኳቸው ደብዳቤዎች ስለ ቤተ መንግሥቱ ሴቶች አምርረው ያማርራሉ። ወንዶቹ መኳንንት ሹመትና ጉልት ለማትረፍ ሲሉ ሲቆርቡላቸው ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው አሻፈረኝ አሉ። የንጉሡ ሚስት ወልድ ሠዓላ ሳትቀር ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበረች። ለምን? «ሴት በሃይማኖቷ ጽኑ ስለሆነች» የሚለው መልስ ምስጋና ይመስላል እንጂ ማብራሪያ አይደለም። አንዱ ምክንያት በኤኮኖሚውና በትዳር ሕጉ ውስጥ ይገኛል። በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ርስት ትወርሳለች፤ ስታገባም የራሷን መሬት ይዛ ትገባለች፤ ትዳሩ ካልሆነላት በሽማግሌ ፊት ተፋትታ፣ ድርሻዋን ተካፍላ፣ ወደ ርስቷ ትመለሳለች። ሚሲዮናውያኑ ደግሞ ጋብቻ እስከ ሞት የማይፈርስ ምሥጢር ነው ብለው መጡ። ለባላባቱ ሚስት ይህ የነገረ መለኮት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ በእጇ የነበረው የመጨረሻው መሣሪያ፣ መውጫው በር ነበር የተዘጋባት። ምንም እንኳ ሃይማኖታዊ ፍቅራቸውን ወደ ጥቅም ዝቅ ማድረግ ባይገባም፣ ጥቅሙንም አለማየት የታሪክ ዕውርነት ይሆናል።

ወለተ ጴጥሮስ የተነሣችው ከዚህ ነው። በ1592 ከትልቅ ቤት ተወለደች፤ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። እርሱም ከሱስንዮስ ታላላቅ የጦር ሹማምንትና አማካሪዎች አንዱ ነው። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ባሏ ከንጉሡ ጋር ወደ አዲሱ ሃይማኖት ሲያዘነብል እርስዋ ልትመንን ቆረጠች። ሁለት መነኮሳት ከባሏ ቤት በሌሊት ይዘዋት ወጡ። መልክአ ክርስቶስም ሚስቴን ሸሽጋችኋል ብሎ ወታደር ሰድዶ አንዲት ከተማ አዘረፈ። የዚያን ዘመን «የባል ራስነት» በተግባር ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም፤ አንድ ባል አንዲት ሚስት ለማስመለስ የገበሬውን ጎተራ በጦር ያስገለብጣል። ስለ ሕዝቡ ስትል ተመለሰች።

ሁለተኛው መለያየት ግን በሌላ ዓይነት ሆነ። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ንጉሡን አውግዞ ከዐመፀኞቹ ጋር ተሰልፎ ነበርና በጦርነቱ ላይ ተገደለ። ገድሏ እንደሚለው የተገደለው ጳጳስ ልብስ በባሏ እጅ መገኘቱን ወለተ ጴጥሮስ ዐወቀች። ከዚያ ወዲያ ከጳጳስ ገዳዮች ጋር ተባብሮ የጳጳስ ልብስ ከሚይዝ ሰው ጋር አንድ አልጋ አልጋራም፣ አንድ ማዕድም አልቆርስም ብላ ጸናች። በመጨረሻም ለቀቃት፤ ሄደችና ቆብ ጫነች።

እዚህ ላይ ለትንሽ ጊዜ ቆም ማለት ይገባል። ሴቲቱ የወጣችው «ባሌ ይመታኛል» ብላ ወይም «ነፃነቴን» ብላ አይደለም። የወጣችው ባሏ በፖለቲካ ወንጀል ተካፋይ ነው ብላ ነው። ማለትም የሚስት መታዘዝ ወሰን እንዳለው፣ ወሰኑንም የምትፈርደው ሚስቲቱ ራስዋ እንደሆነች በተግባር አሳየች። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ውስጥ የሚስት ሥጋ ለባሏ እንደሆነ ሁሉ የባልም ሥጋ ለሚስቱ እንደሆነ ይናገራል፤ የሚለያዩትም በስምምነት ብቻ እንደሆነ ያዛል። ሽማግሌዎች ይህን ክፍል ሲጠቅሱ አልፎ አልፎ እንኳ አንሰማም። ወለተ ጴጥሮስ ግን በዚህ ቃል ብትመዘንም ከባድ ጥያቄ ታስነሣለች፤ ስምምነቱ የመጣው ከብዙ ትግል በኋላ ነውና። ያም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ከባሏ የሸሸችውን ሴት ቅድስት ብላ ገድል ጻፈችላት፤ በኅዳር 17 ቀን ታስባታለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በፍጥነት እናልፋለን፤ ገድሏ ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለዚህ ቢሆንም። በየአገሩ እየዞረች ከንጉሡ ሃይማኖት ጋር አትተባበሩ ብላ ሰበከች፤ ተከስሳ በሱስንዮስ ፊት ቀረበች፤ ሊገድላት ሲያስብ ዘመዶቿ ኃያላን ናቸውና ተመከረበት፤ ኢየሱሳውያኑ በክርክር ሊያሳምኗት ቢሞክሩ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ቆላ፣ ዠበይ ወደሚባል በረሃ፣ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ንጉሡ ያሰበው በረሃው ዝም ያሰኛታል ብሎ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሸሽተው የመጡ ወንዶችና ሴቶች በዙሪያዋ ተሰበሰቡና ዠበይ የመጀመሪያው ማኅበሯ ሆነ። ከዚያም በኋላ ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስና ዛምቦል ተጨመሩ፤ ሰባት ማኅበራት። የሚቀድሱት ካህናት ወንዶች ነበሩ፤ ሥርዓቱን የምታወጣው፣ የምትቀጣው፣ የምትመግበው፣ ከቦታ ወደ ቦታ የምታሻግረው ግን እርስዋ ናት። በ1642፣ በኀምሳ ዓመቷ አረፈች። የማኅበሩን መሪነት ለባልንጀራዋ ለእኅተ ክርስቶስ፣ እንደ እርስዋ ባልዋን ትታ ለመነነችው ሴት፣ ተወችላት። ስለዚህ ጉዳዩ የአንዲት ልዩ ሴት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሥልጣን ከሴት ወደ ሴት ተላልፏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ዝናዋ ሲሰፋና ሕዝቡ ሲከተላት መምህራን ነን ባዮች ተነሡባት። የክሳቸው ቃል በገድሏ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም ሴት ሆና መሪና መምህር ትሁን የሚል ከመጻሕፍት የት ይገኛል፣ ጳውሎስስ ከልክሎ የለምን የሚል ነው። ዛሬ በየአዳራሹ የምንሰማው ክርክር አንዲት ቃል ሳትጎድል ከ350 ዓመት በላይ አስቆጥሯል ማለት ነው። በወቅቱ እጅግ የታወቀው መምህር አባ ፈትለ ሥላሴ ግን ለእርስዋ ቆሞ መለሰላቸው። የመልሱ ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኛ ወንዶቹ ስለ ተበላሸን እግዚአብሔር ሹመታችንን ገፍፎ ለእርስዋ ሰጣት፤ የተነሣችው ለእኛ ተግሣጽ ነው። ሁለተኛ፣ ገማልያል በአይሁድ ሸንጎ ስለ ሐዋርያት እንደተናገረው፣ ሥራው ከእግዚአብሔር ከሆነ ልታፈርሱት አትችሉም።

ይህ መልስ ደፋር ነው፤ ደፋርነቱንም ለማየት የተናጋሪውን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈትለ ሥላሴ ከዳር የቆመ ባሕታዊ ሳይሆን በሊቃውንት ዘንድ የተከበረ መምህር ነው፤ የሚከሳቸውም የራሱን ወገን፣ የተማሩትን ወንዶች ነው። ጳጳሱ ሲገደል፣ ንጉሡ ሲከዳ፣ መኳንንቱ ሃይማኖታቸውን በጉልት ሲለውጡ የት ነበራችሁ እንደማለት ነው። የሥልጣን ምንጭ ወንድነት ሳይሆን ታማኝነት ነው የሚል ፍርድ በውስጡ አለ።

ሆኖም ግማሽ መልስ ነው። ሴት የተሾመችው ወንዱ ስለ ወደቀ ከሆነ፣ ወንዱ ሲነሣ ሹመቷ ያበቃልን? እንዲህ ያለው ክርክር ሴትን እንደ ቅጣት በትር እንጂ እንደ ባለ መብት አያያትም። በመጽሐፈ መሳፍንት ስለ ዲቦራ የሚሰጠው ትርጓሜም ብዙ ጊዜ ከዚሁ አይወጣም፤ ባርቅ ፈሪ ስለሆነ ነው ዲቦራ የወጣችው ይባላል። ፈትለ ሥላሴ ሌላም መንገድ ነበረው። ጵርስቅላ ከባሏ ጋር ሆና አጵሎስን ያህል ሊቅ እንዳስተማረች በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል፤ ጳውሎስ ራሱ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መጨረሻ ፌቤንን በክንክራኦስ ያለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ አደራ ሰጥቷል፤ በግሪኩ ያለው ቃል ያው ዲያቆን የሚለው ነው። ለገላትያ ሰዎችም በክርስቶስ ዘንድ የወንድና የሴት ልዩነት እንደተሻረ ጽፏል። አባ ፈትለ ሥላሴ እነዚህን አንሥቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ከአንዲት ሴት ዕድል ወጥቶ ወደ ሴቶች ሁሉ ይሰፋ ነበር። አላነሣም፤ ወይም ካነሣም ጸሐፊው አላኖረልንም።

ጸሐፊው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው፤ የጻፈውም በ1672፣ እርስዋ ከሞተች ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሕይወት ሳለች የሚያውቋት ደቀ መዛሙርት የነገሩትን ሰብስቦ ነው። ገድል ገድል ነውና ተአምሩ ይበዛል። ይሁንና እነዚያ የማኅበሩ ሽማግሌ ሴቶችና ወንዶች ይህ ክርክር እንዳይረሳ ፈልገው ለጸሐፊው መንገራቸው ራሱ ታሪካዊ ፍሬ ነገር ነው። መጽሐፉን ከአውሮጳውያን በመጀመሪያ ያሳተመው ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 ነው፤ ሪቺ በ1970 ወደ ጣልያንኛ መለሰው፤ ቤልቸርና ክላይነር ደግሞ በ2015 በእንግሊዝኛ አወጡት። እኛ የራሳችንን መጽሐፍ በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት፣ በሰው ቋንቋ ማንበባችን የሚያሳዝን ቢሆንም ከማያነብብ ይሻላል።

በዚህ ሁሉ ላይ የመደብን ጥያቄ ካላነሣን ወደ ገድል ጸሐፊነት መውረድ ይሆንብናል። ወለተ ጴጥሮስ የባላባት ልጅ ናት። ሱስንዮስ ሊገድላት ያልደፈረው ስለ ቅድስናዋ ሳይሆን ስለ ዘመዶቿ ጦር ነው። ወደ በረሃ ስትወርድ አገልጋይ አብራት ወርዳለች። ያን ጊዜ አንዲት የጭሰኛ ሚስት ወይም ገረድ ያንኑ ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ ገድል ሳይሆን መቃብር እንኳ ባልኖራት። በማኅበሯ ውስጥም ቢሆን እኩልነት ነበረ ብሎ መስበክ ሐሰት ነው፤ ያልታዘዙትን መነኮሳይያት የቀጣችው ቅጣት ከባድ እንደነበረ ገድሏ አይደብቅም። ነገር ግን «የባላባት ሴት ናትና አትመለከተንም» ብሎ መጣልም ስንፍና ነው። ጥያቄው እርስዋ ማን ነበረች የሚለው ብቻ አይደለም፤ በእርስዋ ምክንያት በቤተ ክርስቲያን ሸንጎ ፊት የተነሣው ክርክር እንዴት ተፈታ የሚለው ጭምር ነው። ያም ክርክር ለእርስዋ ተፈትቷል።

ወደ ትዳር እንመለስ። የባላገሩ ጋብቻ በአብዛኛው የሰማንያ ጋብቻ ነበር፤ በእማኝና በዋስ የሚታሰር፣ በሁለቱም ወገን ጥያቄ በሽማግሌ ፊት የሚፈታ፣ ንብረቱም የሚከፈል። ከዚህ በታች የደሞዝ ጋብቻ ነበር፤ ሴቲቱ በተወሰነ ክፍያ ለተወሰነ ጊዜ የምትቀመጥበት፣ ደኻዋ ሴት የምትበዘበዝበት። ከላይ ደግሞ የቁርባን ጋብቻ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን እንደ ምሥጢር የምትቀበለው ይህን ብቻ ነው። በቁርባን የሚጋቡት ግን በብዛት ካህናቱና ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ነበሩ። ስለሆነም አብዛኛው ምእመን በጎልማሳነቱ ዘመን ከቁርባን ርቆ ይኖር ነበር፤ ካህኑም ይህን እያወቀ የነፍስ አባት ሆኖ በቤቱ ይገባና ይወጣ ነበር። በመጽሐፍ ያለው ሥርዓትና በመንደር ያለው ኑሮ ለየብቻ ሄደዋል ማለት ነው። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ የተሰናዳ፣ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። በሊቃውንት ዘንድ ተከብሮ ኖረ፤ የሰማንያውን ትዳር ግን የሚገዛው የአገር ልማድ ነበር።

እንግዲህ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስትን በሕግ እንድትታዘዝ ያስገደዳት በመላው አገር የሚሠራ የተጻፈ ሕግ መቼ መጣ? በ1960 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አደረገ፤ በሕጋዊ ትእዛዙም ሁሉ ሚስት እንድትታዘዘው ደነገገ። ከዚያ ወረድ ብሎ ደግሞ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊያቀርብላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራስዋ እንድትሠራ ያዝዛል፤ ሕጉ የማን ቤት በዓይነ ኅሊናው እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። አርቃቂው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የፈረንሳይ የ1804 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ማለትም የናፖሌዎን ሕግ፣ ባል ሚስቱን እንዲጠብቅ ሚስት ባሏን እንድትታዘዝ ይል ነበር። ፈረንሳይ ይህን የመታዘዝ ግዴታ ከሕጓ የሰረዘችው በ1938 ነው። በሌላ አነጋገር ፓሪስ ከጣለችው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ አነሣችው! በፊት በርስቷና በሰማንያዋ የተወሰነ መከላከያ የነበራት ሴት በሥልጣኔ ስም ወደ ኋላ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ግን ሕጉ የጳውሎስን ቃል ስለመሰላቸው «ይህማ የኛው ነው» ብለው ተቀበሉት። የፊውዳሉ መንግሥትና የቡርዧው ሕግ በሴት ላይ ሲሆን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጋቡ ከዚህ እንማራለን።

ይህ ቁጥር የተሻረው በ2000 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ተደነገገ። ደርግ መሬት ለአራሹ ብሎ በ1975 ሲያውጅ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት በሶሻሊዝም ስም ሲገዛ፣ ቁጥር 635 በቦታው እንደ ተቀመጠ ነበር፤ ይህን ለሚያስብበት እንተወዋለን። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት የእኩልነትን መርሕ ቢያስቀምጥም የቤተሰብ ሕጉ እስኪለወጥ አምስት ዓመት ወስዷል፤ ለውጡም የመጣው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ሴቶች በመሟገታቸው እንጂ ከላይ በተወረወረ ችሮታ አይደለም።

ሕጉ ይለወጥ እንጂ ኅሊና በነጋሪት ጋዜጣ አይለወጥም። በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ትክክል ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ናቸው፤ ወንዶቹ ግን ከመቶ 28። በ2000 በተደረገው ጥናት ሴቶቹ ከመቶ 85 ስለነበሩ መሻሻል አለ። ይሁንና የሚመታው ካመነው ይልቅ የምትመታዋ ማመኗ የሚያስደነግጥ ነው። ይህን እምነት ማን አስተማራት? ምጣድና እናት፣ ጎረቤትና ተረት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ግን ተደብድባ ወደ ነፍስ አባቷ ስትሄድ «ቻይው ልጄ፣ ባል ራስ ነው» ተብላ የተመለሰች ሴት ብዙ ናት፤ አንባቢም ከቤተ ዘመዱ አያጣም። ጳውሎስ በዚያው በኤፌሶን መልእክት ባልን ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው ይውደድ፣ ራሱንም ስለ እርስዋ ይስጥ ይለዋል። ግማሹን አንብቦ ግማሹን መዝለል ደግሞ ትርጓሜ አይባልም።

የማስተማሩ ጥያቄም በተግባር ከተመለሰ ቆይቷል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ ዐይነ ሥውር ሆነው፣ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል። ከእርሳቸው እግር ሥር ቅኔ የቆጠረ ወንድ ተማሪ ቅኔውን ይዞ ወደ ቅኔ ማሕሌት ገብቷል፤ «ከሴት የተማርከው ቅኔ አይቆጠርልህም» ያለው ጉባኤ አልሰማንም። በአንጻሩ ደግሞ ሴት ወደ መቅደስ አትገባም፣ ዲያቆን አትሆንም፤ ወንዱ ሕፃን በ40 ቀን ሴቷ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ሴት ዲያቆናት በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን እንደነበሩ ግን የምንቀበለው መጽሐፍ ዲድስቅልያ ያነሣቸዋል። ከእኛ ጋር በአንድ ሃይማኖት የምትኖረው የአርመን ቤተ ክርስቲያን በገዳማቷ የሴት ዲያቆናትን ማዕርግ ጠብቃ ኖራ በ2017 በቴህራን አንዲት መነኩሲት ያልሆነች ሴት በዲያቆንነት ሾማለች። ይህ ፕሮቴስታንት ወይም ፈረንጅ ያደረገው ነው ተብሎ ሊጣል አይችልም። በአገራችን መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቄስ እንዲሆኑ በ1997 ወስና በ2000 የመጀመሪያዋን ሾማለች፤ የእርስዋ መንገድ የተለየ ስለሆነ ለዚህ ክርክር ማስረጃ አድርገን አናቀርበውም፤ ኢትዮጵያዊ ምእመን ነገሩን ሰምቶ አይሸከምም የሚለውን ሰበብ ግን ያፈርሰዋል።

በስደት ባሉት አጥቢያዎች ጥያቄው የበለጠ ግልጥ ሆኖ ይታያል። እሑድ ጠዋት ጸበል ጸዲቁን የሚያዘጋጁት፣ ለሕንፃው ግዢ በየወሩ ከሆስፒታልና ከጽዳት ሥራ ደሞዛቸው የሚያዋጡት፣ ልጆቹን አማርኛና ውዳሴ ማርያም የሚያስጠኑት በብዛት ሴቶች ናቸው። በብዙ ቦታ ደግሞ ሰበካ ጉባኤው ሲመረጥ እጃቸውን ለወንድ ያነሣሉ። የሰበካ ጉባኤ አባልነት ክህነት አይደለም፤ ጢሞቴዎስም፣ መቅደስም፣ ቁርባንም በዚህ አይነኩም፤ የሒሳብ መዝገብና የሕንፃ ኪራይ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ ሲነበብ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ከሴቶቹ ወገን ስንት ሰው በአመራሩ እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። መልሱ እንደ ተለመደው ጳውሎስን በመጥቀስ ከመጣ፣ የአባ ፈትለ ሥላሴ መልስ በገድለ ወለተ ጴጥሮስ ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ መጽሐፉን ይዞ መሄድ ይቻላል።